ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ

ግልጽ ደብዳቤ
ለተማርኩበት ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ፣ ለቢዝነስ ፋኩልቲ ዲን ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የቆሙትን የተማሪዎች ክበባትና የተግባር ልምምዱን ይመለከታል

ሰላምታዬ ይቅደም።

ድሬዎች አንቱታ አያውቁም እየተባልን ስንታማ ኖረናል። ሐሜቱ ሐሰት አይደለም፤ እኔ አባቴንም መጋቢያችንንም “አንተ” እያልኩ ነው ያደግኩት። ይህ ግን ለጽሕፈት ቤት የሚጻፍ ነውና ወግ ይዤ ልሞክር። መሀል ላይ ካመለጠኝ የአገር ልማድ ነው፤ ንቀት አትበሉብኝ።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ በፋኩልቲው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የእህቴ ልጅ በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪያችሁ ናት። የሒሳብ ክበቡ፣ የሥራ ፈጠራ ክበቡ፣ በየወሩ ነጋዴ እየተጋበዘ የሚናገርበት ፕሮግራም፣ ሁሉም እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ ቆመዋል ይላል። በምትካቸው የመውጫ ፈተና ቲቶሪያል ገብቷል። የተግባር ልምምዱም ከሁለት ወር ወደ ሦስት ሳምንት አጥሯል። ወረቀቱ ማኅተም አለው፣ ፊርማም አለው። ከዚህ በኋላ ተማሪው ከከተማው ጋር የት እንደሚገናኝ ግን አይናገርም።

ፈተናውን ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ሲሰጥ፣ በዚያ ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከ50 በታች ያመጣ ተማሪ ዲግሪውን አይዝም። አራት ዓመት ሙሉ ከሌላው ጉሮሮ ነጥቆ የከፈለ ወላጅ በራችሁ ላይ ቆሞ ልጄስ ሲል መልስ መስጠት ከባድ ነው። ስለዚህ ቲቶሪያሉ ይቀጥል፤ እንዲያውም ይጠንክር። የማልስማማው ክበቡና ፈተናው እንደ ጣውንት መታየታቸው ላይ ነው። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ ያየ ልጅ ፈተና ላይ ሲደርስ የትኛው እንደሚደመር የትኛው እንደሚቀነስ ይምታታበታል። የአንድ ባለሱቅን የባንክ መግለጫ ከደብተሩ ጋር አስተያይቶ የጠፋውን 1,200 ብር ሲያድን የዋለ ልጅ ግን እስኪሸብት አይረሳውም።

ሌላውን ብቻ ከስሼ እንዳላልፍ የራሴን ልናገር።

የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። በጅቡቲ በኩል ለሚገባው ዕቃ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማሳወቂያ) እናዘጋጃለን፣ ሰነድ እናመሳክራለን፣ ከጉምሩክ እንከራከራለን። ዓምና ከእናንተ ዘንድ አንድ ልጅ ለልምምድ መጣ። የያዘው ደብዳቤ “ለሚመለከተው ሁሉ” ይላል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደግሞ ማንንም አይመለከትም። ሥራ በዝቶብን ነበር፤ ኮንቴይነር ወደብ ላይ በዘገየ ቁጥር ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያው፣ ይቆጥራል፣ ባለ ዕቃው ይጮኻል። ልጁን ፎቶ ኮፒ አስነሣነው፣ ሻይ አስመጣነው። ሙቀቱ ሲጠና ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። በመጨረሻው ቀን ሎግ ቡኩን ዘረጋልኝ። የጉምሩክ ሰነዶችን መመርመር ብሎ ጽፏል። መመርመር ቀርቶ አንድ ፋይል ከፍቶ አያውቅም። አየሁት፤ አየኝ፤ ሁለታችንም አቀረቀርን። ከዚያ ፈረምኩ። ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። የምዘና ቅጹን “እጅግ በጣም ጥሩ” ብዬ ሞልቼ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት። ከእናንተ በኩል አንድም መምህር ስልክ ደውሎ ልጁ ምን እየሠራ ነው አላለኝም። አንድ ጊዜ ቢደወል ኖሮ ከኀፍረቱ የተነሣ አስተምረው ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ሥራ ፈላጊ ነው። “0 ዓመት ልምድ” የሚል ማስታወቂያ እያሳደደ በየቴሌግራም ቻናሉ ሲቪ ይልካል። አንዳንዴ ከዚራ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ነኝ ቶሎ የማልፈው።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ከተማችንን ባቡር ወለዳት ይባላል፤ እውነት ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ አስቸጋሪ ሆኖ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ነው ድሬ የተቆረቆረችው። አባቴ በተላላኪነት ገብቶ በጭነት ክፍል የሒሳብ ሠራተኛነት ጡረታ ወጣ። ፈረንሳይኛውን የተማረው ከጭነት ደረሰኝ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ አጠገቡ አስቀምጦት መጀመሪያ ለስድስት ወር ቁጥር ብቻ እንዲያነብለት፣ ቀጥሎ እንዲደምርለት፣ በኋላ እንዲጽፍ አደረገው። ይህን ማንም ልምምድ ብሎ አልጠራውም፤ ሎግ ቡክም አልነበረውም። ሰውዬው ግን ልጁን አጠገቡ አስቀመጠው። እኔ ከዚያ ልጅ የከለከልኩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ከተማዋ ከአባቴ ዘመን ይልቅ ብዙ በር አላት። የኤሌክትሪኩ ባቡር ይሠራል፤ ደረቅ ወደብ አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና እዚሁ ተመርቋል። የእህቴን ልጅ ስለ ነፃ የንግድ ቀጣና ብትጠይቋት ከሃንድአውቱ ትርጉሙንና አራት ጥቅሞቹን በቃሏ ትወጣላችኋለች። የበሩን ቀለም ግን አታውቀውም።

እኛ ግቢ ውስጥ በግልጽ የማይነገር አንድ ነገር አለ። በድሬ ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ወደ ጥላ ይገባል። ማን ምን እንዳስገባ የሚወራው፣ ዱቤ የሚፈቀደው፣ “ይሄን ልጅ ቅጠረው፣ የእኔ ነው” የሚባለው በዚያ ሰዓት በርጫ ላይ፣ ጫት መቃሚያው ምንጣፍ ላይ ነው። የእኛ ልጆች እዚያ አይቀመጡም፤ እምነታቸው ነው። ይቀመጡ እያልኩ አይደለም፣ መጋቢዎቻችን አይደንግጡ። ያ ምንጣፍ ግን የከተማው የሥራ መገናኛ ነው፤ ለልጆቹ ሌላ ምንጣፍ ካላነጠፋችሁላቸው አራት ዓመት ኖረውም እንግዳ ሆነው ይወጣሉ። የወሩ የነጋዴዎች ፕሮግራም ያ ምንጣፍ ነበር። እኔ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቡና ላኪ መጥቶ፣ በኤልሲው ላይ፣ ባንክ ክፍያውን ዋስ በሚሆንበት ሰነድ ላይ፣ ያለው የገዢው ስም ከማጓጓዣ ሰነዱ ጋር በአንድ ፊደል ስለተለያየ ባንክ አልከፍልም ብሎት ቡናው ባሕር ላይ እያለ እንዴት እንቅልፍ እንዳጣ ነገረን። መምህራችን ኤልሲን በሁለት ሳምንት አስተምሮን ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ዛሬም ሰነድ ሲመጣልኝ ከዋጋው በፊት የማነበው ስሙን ነው። ያ ሰው አበል አልተከፈለውም፤ ለስላሳ ነው የጠጣው።

ቋንቋም አለ። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በቤተ ክርስቲያን በኩል ከሆሳዕና፣ ከወላይታ፣ ከወለጋ የሚመጡ ናቸው። ከወለጋ የመጣው ኦሮምኛውን ይዞ ይመጣልና ቀፊራ ገበያ ላይ ቶሎ ይቀናዋል፤ ሌላው ግን ዋጋ ለመጠየቅ ጓደኛ ይፈልጋል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሶማሊኛ እስከ ሺህ መቁጠር የማይችል የሽያጭ ሠራተኛ ምን ይሠራል? ይህን ለማስተማር ፕሮፌሰር አያስፈልግም። እዚሁ የተወለዱት ተማሪዎቻችሁ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ቢከፈትላቸው ይበቃል።

እዚያው ላይ ከወለድ ነፃ ባንክን ልጨምር። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎች ባንኮችም የተለየ መስኮት አላቸው። መጋላ ሰፈር ውስጥ የሚከፈት ቅርንጫፍ፣ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ ለደንበኛው በዱቤ የሚሸጥበትን ሙራባሃን ማስረዳት የማይችል ሠራተኛ አይፈልግም። ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ይህን ለምን ያስተምራል የሚል መምህር እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የእኛ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር መሥራት ስላለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ። የሒሳብ ክበቡን ክፈቱት፤ ሲከፈት ግን እንደ ድሮው አይሁን። በእኛ ጊዜ ክበብ ማለት ቲሸርት ማሳተም፣ የምሥረታ በዓል ማክበር፣ ጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። እሱ ቢቀር አላዝንም።

ሐምሌ ሲገባ ገቢዎች በር ላይ የሚሰለፈውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በአገሪቱ ያስነሣውንም ጠብ አትረሱትም። ገማቹ በዓይኑ ይገምታል፣ ነጋዴዋ በልጆቿ ትምላለች፤ በመሀል ቁጥር የያዘ ወረቀት የለም። ቀፊራ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ። የዱቤ ደብተር አላቸው፤ የተበዳሪውን ስም ግን አይጽፉም፣ መልኩን ነው። “ቀይ ሻርፕ፣ 340” ይላል። ለቤታቸው ወጥ የወሰዱት በርበሬ የትም አልተጻፈም። በቴሌብር የተከፈላቸው የልጃቸው ስልክ ላይ ነው። የቤቱና የሱቁ ገንዘብ አንድ መቀነት ውስጥ ታስሯል። የባለቤቱንና የድርጅቱን ሒሳብ መለየት የአካውንቲንግ ምዕራፍ አንድ ነው አይደል? ተማሪዎቻችሁ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ይሠሩታል። ፒችትሪው ግን እኚህን እናት አያውቃቸውም፤ ኮምፒውተርም የላቸውም።

በአሜሪካ የፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከ50 ዓመት በላይ ያስኬደው አንድ ፕሮግራም አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የግብር ቅጻቸውን በነፃ የሚሞሉላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ብዙ የቢዝነስ ተማሪዎች አሉ፣ የክርስቲያን ኮሌጅ ተማሪዎችም ጭምር። አሠራሩ ጥብቅ ነው። በጎ ፈቃደኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ የሞላውን ቅጽ ደግሞ ሌላ ሰው ያየዋል። ተማሪው በሲቪው ላይ የሚጽፈው ያንን ነው፤ ቀጣሪውም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኛ ዘንድ እንዳለ ይገልበጥ አልልም። ተማሪ በነጋዴ ስም ግብር ማሳወቅ የለበትም፤ የሒሳብ ሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ ልጆቹን ችግር ውስጥ አንክተታቸው። የእነሱ ሥራ የዕለት ገቢና ወጪ ደብተር ማስያዝ፣ ደረሰኝ በወር በወሩ ማስቀመጥ፣ የመጣ ደብዳቤ አንብቦ ማስረዳት ይሁን። ሁለት ተማሪ ለአንድ ነጋዴ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት። በወር አንዴ መምህር ወይም ፈቃድ ያለው የቀድሞ ተማሪ ደብተሩን ይየው። ሐምሌ ላይ አትጀምሩት፤ ሐምሌ ላይ የሚጀመር የዓመት ደብተር ልብ ወለድ ነው። አንድ ነገር ግን ከሁሉ ቀድሞ ይሁን፤ ተማሪው ያየውን ቁጥር ለማንም እንደማይናገር በነጋዴው ፊት ይፈርም። አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት የገቢዎች ሰላዮች መጡ የሚል ወሬ መጋላን ያዳርስና አንድም ሰው በሩን አይከፍትላችሁም። እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ተቋም መሆናችሁ ያግዛችኋል። የሙስሊም ነጋዴ ጎረቤቶቼ የእናንተን ተማሪ “ፈሪሃ ፈጣሪ ያለው ልጅ” ብለው ነው የሚያስገቡት። ይህን እምነት ሌላ ተቋም በገንዘብ አይገዛውም፤ እናንተ ግን ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ዘጋችሁት።

ስለ ቻፕልም፣ ስለ ግቢው የአምልኮ ጉባኤ፣ ልናገር። በ23 ዓመቴ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አለቃዬ ኢንቮይስ አስቀምጦልኝ ዋጋውን ዝቅ አድርጌ እንድጽፈው ነገረኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለኝ፤ ውሸቱን አልነበረም። በቢዝነስ ሥነ ምግባር ኮርስ ኤ ያገኘሁ ልጅ ነኝ። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ቻፕል ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሚዛን ሲባል ግን በዓይኔ የሚመጣው የቀፊራ ሚዛን ነበር፤ ኢንቮይስም ሚዛን መሆኑን ያን ቀን ማንም አልነገረኝም። ጻፍኩት። ከሦስት ወር በኋላ ሥራውን ለቀቅኩ፤ ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ሥራ ስላገኘሁ ነው። ከየወሩ ቻፕል አንዱን ለእንዲህ ያለው ስጡልን። ያመኑ ነጋዴዎችና ሒሳብ ሠራተኞች መጥተው እምቢ ብለው የከሰሩትን ይንገሩን፤ እሺ ብለው የቆሸሹትንም ይንገሩን። ድል ያደረጉት ብቻ ከመጡ ተማሪው ያንቀላፋል።

የተግባር ልምድ የላቸውም የምትሏቸው ልጆች ደግሞ አላቸው፤ አልጻፋችሁላቸውም እንጂ። እኔ የመዘምራኑ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለዩኒፎርም ጨርቅ አሸዋ ገበያ ወርጄ ከሦስት ሱቅ ዋጋ አወዳድሬ፣ ዱቤ ተከራክሬ፣ ሐረር ለጉባኤ ስንሄድ አውቶቡስ ተከራይቼ፣ የ60 ሰው ምሳ በጀት ሠርቼ፣ የተረፈውን 85 ብር በደረሰኝ አስረክቤአለሁ። ዛሬ ያለሁበት ቢሮ ለሥራ ሲጠይቁኝ ስለ ጂፒኤዬ አንድ ጥያቄ ነው ያነሡት፤ ስለ አውቶቡሱ ግን ግማሽ ሰዓት አወሩኝ። ሉቃስ ላይ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ “ኪሳራውን” ይቆጥራል የሚለውን ስናነብ ልጆች ሆነን እንስቅ ነበር፤ ከመጀመሩ በፊት ይከስራል እንዴ እያልን። ወጪ ማለት መሆኑ የገባኝ ያን ምሳ ስበጅት ነው። የኅብረቱን ገንዘብ ያዥ፣ የጉባኤውን አስተባባሪ፣ የእርዳታ እህል መዝገብ የያዘችውን ልጅ ፋኩልቲው በወረቀት ይመስክርላቸው። ዓመታዊ ሒሳቡን ከፍተኛ ተማሪዎች ይመርምሩት፤ ኦዲት ማለት ያ ነው። አንዳንድ ሽማግሌ እንደማይወደው እገምታለሁ፤ ግን ይሞከር።

ከዚህ ሌላ የሚቀረው ትንሽ ነው። ናይሮቢ ያለው ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ በካቶሊክ እምነት መሠረት ላይ የቆመ ተቋም ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ስሙ የሚነሣው ግን በሒሳብ ትምህርቱ ነው፤ ተማሪዎቹ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥተው ማገልገላቸውም የትምህርቱ አካል ነው። ሃይማኖቱ ከሙያው አልከለከለውም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ አምስት ተማሪ ተሰብስቦ የተመዘገቡትን ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት እያነበበ አክሲዮን በወረቀት ላይ ብቻ ቢገዛና ቢሸጥ ሳንቲም አያስወጣም። እንዲህ ያለውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ክፍልና ቁልፍ ስጧቸው።

ስለ ልምምዱ የምጠይቀው ሦስት ሳምንቱን ወደ ሁለት ወር እንድትመልሱት፣ “ለሚመለከተው ሁሉ” የሚለው ደብዳቤ ቀርቶ ተቀባዩ በስም የተጠራበት፣ ልጁ የሚሠራው ሥራ የተዘረዘረበት ደብዳቤ እንዲጻፍ፣ መምህርም በመሀል አንድ ቀን እንዲመጣ ነው። መምህሩ የባጃጅ አበል ከየት ያገኛል ካላችሁ፣ እኛ የቀድሞ ተማሪዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አለን፤ ለምረቃ መጽሔት ማስታወቂያ ስትፈልጉ ታገኙን የለ።

ደጋፊ አለኝ ብላችሁ ቁጠሩኝ፤ መጀመሪያ ግን ዕዳዬን ልክፈል። ዓምና የመጣውን ልጅ መልሳችሁ ላኩልኝ፤ የተመረቀ ቢሆንም ግድ የለም። ከእሱ ጋር አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጨምሩ፤ የእህቴን ልጅ አትላኩ፣ ዘመዷን ቀጠረች ይሉኛል። ሰኞ ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነኝ። ከጎኔ ሁለት ወንበር አስቀምጫለሁ። ሻዩን እኔ አስመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ተማሪያችሁ
ድሬዳዋ